ለአዳር የተራራ ብስክሌት ውድድር መንገድ እንዴት ይዘጋጃል?

«የቀኑን ውድድር ያካሄድንበትን መንገድ ሌሊትም ብንጠቀምበት ምን አለበት?» አዲስ የብስክሌት ክበብ በተቋቋመ ቁጥር ይህ ጥያቄ ወደ እኔ ይመጣል። ብዙ ነገር አለበት። በቀን ብርሃን የሚያስደስት ቁልቁለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አጥንት ይሰብራል፤ በቀን ማንም የማይስተው መታጠፊያ ሌሊት ተወዳዳሪውን የሰው ማሳ ውስጥ ይዞት ይገባል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከምመልስ ቅደም ተከተሉን ጽፌ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሥራውን ሁሉ የምትመዝኑት በአንድ ሰው ነው፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በሚያልፈው ደካማ ተወዳዳሪ። ዐይኑ ዝሏል፤ ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ፍሬኑን በወጉ አይጨብጡም፤ የመብራቱ ባትሪ እያለቀ ነው፤ ለመወሰንም ይዘገያል። መንገዱ ለእርሱ ከሆነ ለፈጣኖቹም ይሆናል፤ ለፈጣኖቹ ብቻ የተሠራ መንገድ ግን እርሱን ይጥለዋል።

ምሳሌዬ ከአዲስ አበባ በላይ ያለው የእንጦጦ ሸንተረር ነው። ከፍታው፣ ብርዱ፣ ባሕር ዛፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ እንጨት ተሸካሚዎቹ፣ ጅቡም ሳይቀር በአንድ ቦታ ይገኛሉ። ሌላ ተራራ ላይ ብትሠሩም ስሌቱ ያው ነው። ውድድሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚያበቃ፣ በአንድ ዙር መንገድ ላይ እየተመላለሱ የሚጋልቡበት ነው ብለን እንነሣ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች (ለ10 ኪሎ ሜትር ዙር)

- ጂፒኤስ ያለው መሣሪያ ወይም ስልክ፣ እንዲሁም ጎማ ላይ የሚታሰር ርቀት ቆጣሪ
- ነጭ፣ ቢጫና ቀይ አንፀባራቂ ቴፕ
- ቀስት የተሳለባቸው ሰሌዳዎች፣ ከ80 እስከ 100 (20 በ30 ሴንቲሜትር ይበቃል)
- ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች
- የእንጨት ችካሎች፣ ሲባጎ፣ መንገድ የሚዘጋ ሪባን
- ዶማ፣ አካፋ፣ መጋዝና መጥረጊያ
- የብስክሌቱ መሪ ላይ የሚታሰር መብራትና የራስ ቁር ላይ የሚታሰር መብራት፣ ከመለዋወጫ ባትሪ ጋር
- የመገናኛ ሬዲዮ፣ ቃሬዛ፣ ብርድ ልብስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ
- ደብተርና እርሳስ፤ እስክሪብቶ በጤዛ በራሰ ወረቀት ላይ አይጽፍም

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ክረምቱን ተዉት፤ የበልጉን ወራትም አትመኑ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይሻላል። መሬቱ ይደርቃል፤ በምትኩ ብርዱ ይበረታል። በእንጦጦ ከፍታ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚጠጋበት ጊዜ ስላለ ይህን አስቀድማችሁ ለተወዳዳሪዎች ንገሩ።

ቀጥሎ ጨረቃዋን ተመልከቱ። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታ ፀሐይ ስትወጣ ስለምትጠልቅ ሌሊቱን ሙሉ ታገለግላለች። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር አትረዳም፤ ገላጣው ሸንተረር ላይ ግን መብራቱ የጠፋበት ሰው እንኳ ብስክሌቱን እየገፋ መንገዱን ይለያል።

በመጨረሻ የበዓላቱን ቀን አጣሩ። እንጦጦ ላይ ወር በገባ በ1 ራጉኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም ነው። በእነዚህ ቀናት ዋዜማና ንጋት ላይ ምእመናን ገና ሳይነጋ ዳገቱን በእግር ይወጣሉ። መንገዱን የሚለቅቁት እነርሱ ሳይሆኑ እናንተ ናችሁ፤ ቀኑን አዛውሩ።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ

መሬቱን የሚያስተዳድረውን አካል፣ የአካባቢውን አስተዳደር፣ ፖሊስንና በአጠገቡ የምታልፉበትን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ በጽሑፍ አሳውቁ። ደብዳቤው ላይ የመንገዱን ካርታ አያይዙ፤ መንገዱ ከተለወጠ አዲስ ካርታ ይላክ። የጥበቃ ሠራተኞችን ግን በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ሌሊት በር የሚከፍተውም ውሻ የሚያስረውም ዘበኛው ነው።

ደረጃ 3፦ የዙሩን ርዝመት ወስኑ

በአሜሪካ አሪዞና በረሃ የሚካሄደው «24 ሰዓት በኦልድ ፑብሎ» የተባለው የተራራ ብስክሌት ውድድር ዙሩ ወደ 26 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ መሬቱ ፈጣን ስለሆነ ያስኬዳል። በፈረንጆች ጥር በስኮትላንድ የሚካሄደውና 17 ሰዓት ያህል ጨለማ ያለበት የስትራዝፐፈር ውድድር ዙር ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ብርድና ጨለማ ሲበረታ ዙሩ ያጥራል፤ ምክንያቱም መብራቱ የተበላሸበት ወይም የበረደው ሰው ቶሎ ወደ ድንኳኑ መመለስ አለበት።

ለእንጦጦ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይበቃል። 10 ኪሎ ሜትሩን በ50 ደቂቃ የሚጨርስ ቡድን በ12 ሰዓት 14 ዙር ይዞራል። ለደካማው ዙሩ ከ1 ሰዓት ተኩል እንዳይበልጥ ጠብቁ፤ ብዙዎቹ መብራቶች በሙሉ ኃይል ከ2 ሰዓት እምብዛም አያልፉም፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በብርድ ቶሎ ይደክማል።

በአንድ ዙር የሚወጣው የዳገት ከፍታ በድምሩ ከ200 እስከ 250 ሜትር ይሁን። በ3,000 ሜትር ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ለዚህም ረጅሙ ዳገት በአማካይ ከ8 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ማለትም በ100 ሜትር መንገድ 8 ሜትር ከፍታ። ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ከሦስተኛው ዙር በኋላ አብዛኛው ሰው ብስክሌቱን ይገፋል፤ ጠባብ መንገድ ላይ የሚገፋ ሰው ደግሞ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል።

ደረጃ 4፦ በእግር ሂዱበት፣ አቅጣጫውን ወስኑ

መጀመሪያ በብስክሌት አትሂዱ። በእግር ስትሄዱ ሥሩን፣ የተሰበረውን ድንጋይ፣ በአፈር የተሸፈነውን ቦይ ታያላችሁ። ባሕር ዛፍ ሥር የረገፈው ቅጠል በቀን ደረቅ ምንጣፍ ይመስላል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ጤዛ ሲነካው ጎማ አይዝም። መታጠፊያ ላይ ያለውን ቅጠል በሙሉ ጥረጉ፤ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ያለውን ተዉት።

አቅጣጫውን በዚህ ደንብ ወስኑ፦ ጠባቡና ሥር የበዛበት መንገድ ዳገት፣ ሰፊውና የሚታየው መንገድ ቁልቁለት ይሁን። በዳገት የሚሳሳት ሰው ይቆማል ወይም ቀስ ብሎ ይወድቃል፤ በቁልቁለት የሚሳሳት ግን ይወረወራል። የቀን ውድድር አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ የዚህን ተቃራኒ ይመርጣሉ፤ የቀኑ መንገድ ለሌሊት የማይሆንበት ትልቁ ምክንያትም ይህ ነው።

ሌሎች ሦስት ነገሮች አሉ። ከመነሻው በኋላ ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር ሰፊ መንገድ ይኑር፤ አለበለዚያ ሁሉም ጠባቡ መንገድ አፍ ላይ ይተፋፈጋል። በጠባቡ ክፍል በየ500 ሜትሩ ማሳለፊያ አዘጋጁ። ሄዶ መመለሻው አንድ የሆነ መንገድ በፍጹም አይኑር፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ኃይለኛ መብራት ለጥቂት ሰከንድ ያሳውራል።

ንጋቱንም አስቡበት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ዝቅ ያለች ፀሐይ በቀጥታ ዐይን ውስጥ ትገባለች። የማብቂያውን ሰዓት ወደ ጠዋቱ ለመግፋት ካሰባችሁ ፈጣኑ ቁልቁለት ወደ ምሥራቅ አይዙር።

ደረጃ 5፦ ለኩ

ጂፒኤስ በዛፍ ሥር ጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል፤ ጠመዝማዛውንም ቆርጦ ስለሚያልፍ ርቀቱን ያሳጥራል። በጎማ ቆጣሪ አመሳክሩት። የ29 ኢንች ጎማ ዙሪያ 2.3 ሜትር ያህል ነው፤ ግን በተጻፈው አትመኑ፦ ጋላቢው ተቀምጦበት ጎማውን አንድ ዙር አስኪዱና መሬት ላይ ለኩት። የ1 ሴንቲሜትር ስሕተት በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ከ40 ሜትር በላይ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ የብርሃኑን ስሌት ሥሩ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው በ1 ሰከንድ 8.3 ሜትር ይሄዳል። ንቁ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ለደከመው 2 ሰከንድ አስቡ፤ ገና ፍሬኑን ሳይነካ 17 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ልቅ ጠጠር ላይ ለመቆም ሌላ 10 ወይም 12 ሜትር ያስፈልገዋል። በድምሩ 30 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ባትሪ ለመቆጠብ ዝቅ የተደረገ መብራት ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ሜትር ወዲያ በቂ ብርሃን አይሰጥም። ጉድጓዱን ሲያየው ዘግይቷል።

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሆነ መቆሚያው 16 ሜትር ገደማ ይሆናል። ያኔ ያዳርሳል። ስለዚህ ዋናው ዘዴ ከአደገኛው ቦታ በፊት መንገዱ ራሱ ጋላቢውን እንዲያዘገየው ማድረግ ነው፦ አጭር ዳገት፣ በችካል የተሠራ እባብ መሳይ መታጠፊያ፣ ወይም ጠበብ ያለ መግቢያ። «ቀስ በል» የሚል ጽሑፍ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚያነበው የለም።

ስለ ጥላም ማወቅ ያለባችሁ አለ። የራስ ቁር መብራት ከዐይን አጠገብ ስለሆነ ጥላው ከዕቃው ጀርባ ይደበቃል፤ ጉድጓድ ለጥ ያለ መሬት ይመስላል። የመሪ መብራት ዝቅ ብሎ ስለሚያበራ ጥላ ይሠራል፤ ጉድጓዱ ይታያል፤ መታጠፊያ ላይ ግን ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ጫካ ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም መያዝ በውድድሩ ደንብ ውስጥ ይግባ፤ ከኋላም ቀይ መብራት ይኑር።

ደረጃ 7፦ ምልክት ትከሉ

አንፀባራቂ ቴፕ ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሳል። ስለዚህ ፊቱ በቀጥታ ወደሚመጣው ጋላቢ መዞር አለበት፤ ዛፍ ላይ እንደ መቀነት የተጠመጠመ ቴፕ ከፊት የሚታየው ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነው። ቁመቱ ከመሬት 1 ሜትር አካባቢ ይሁን። ምልክት የሚተክለው እግረኛ በራሱ ዐይን ልክ ይሰቅለዋል፤ በቁልቁለት አጎንብሶ የሚጋልብ ሰው ግን ወደዚያ ቀና አይልም።

ደንቡን አንድ አድርጉት፤ በውድድሩም ገለጻ ላይ አሳዩት፦

- ነጭ ወይም ቢጫ፣ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል፤ መንገዱ ትክክል ነው
- ሁለት ቀስት ጎን ለጎን፤ ሹል መታጠፊያ ነው
- ቀይ፤ አደጋ አለ። ከቦታው 30 ሜትር ቀድሞ አንዱ፣ 15 ሜትር ላይ ሌላው
- የተሰቀለ ኤክስ፤ በዚህ አይኬድም
- ከእያንዳንዱ መታጠፊያ 30 ሜትር አልፎ አንድ ነጭ ምልክት፤ ማረጋገጫ ነው

የመጨረሻውን አትናቁት። የደከመ ሰው ታጥፎ አንድ ምልክት ካላየ ይጠራጠራል፤ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከኋላው ከሚመጣው ጋርም ይጋጫል።

አንድ ሌላ ወጥመድ ደግሞ ቀን ቀን ጨርሶ አይታይም። ሥሩ ገላጣ በሆነ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ የዙሩ ሁለት ክፍሎች በ40 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ካለፉ፣ ሌሊት የወዲያኛው መንገድ ቴፕ በግንዶቹ መካከል ብልጭ ይላል። ጋላቢው ወደዚያ ይሄዳል፤ ሳያውቅ 2 ኪሎ ሜትር ያቋርጣል። የሰሌዳውን ፊት ከሌላኛው መንገድ አዙሩት፤ ካልተቻለ ጎኑን በጥቁር ካርቶን ከልሉት፤ በሁለቱ መካከል ሪባን ዘርጉ።

ዛፍ ላይ ምስማር አትምቱ፤ በሲባጎ እሰሩ። ምልክቱን ሁሉ በዋዜማው አትስቀሉት፤ ሪባንና ሲባጎ ለእረኛ ልጆች ጥሩ ዕቃ ነው። ችካሉ ቀድሞ ይተከል፤ ሰሌዳው በውድድሩ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሰቀል። የሰቀላችሁትን ቁጥር መዝግቡ።

ደረጃ 8፦ መውጫና መገናኛ

በየ500 ሜትሩ ቁጥር ያለው ሰሌዳ ትከሉ። የወደቀ ሰው «ባሕር ዛፉ አጠገብ ነኝ» ቢል ማንም አያገኘውም፤ «በ11 እና በ12 መካከል» ካለ ቃሬዛው በቀጥታ ይሄዳል። ከየቁጥሩ መኪና የሚደርስበት ቅርቡ ቦታ የት እንደሆነ በሰንጠረዥ ጻፉ፤ ከ1.5 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ካለ ያንን ክፍል ከመንገዱ አውጡት፤ በጨለማና በወጣ ገባ ድንጋይ ላይ ቃሬዛ መሸከም ከምታስቡት በላይ ጊዜ ይወስዳል። የስልክ ኔትዎርክን በየሰሌዳው ሞክሩ፤ በማይሠራበት ቦታ ሬዲዮ የያዘ ሰው ይቁም።

ጠባቂ ሰው ሸለቆ ውስጥ አታቁሙ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ታች ይወርዳል፤ 50 ሜትር ከፍ ያለው ቦታ በግልጽ ይሞቃል።

ማስጠንቀቂያ፦

- ጅብ ብዙ ሰውና መብራት ካለበት ይሸሻል፤ ሽታ ግን ይጠራዋል። የምግብ ድንኳኑ ከመንገዱ ይራቅ፤ አጥንትና ትርፍራፊ ክዳን ባለው በርሜል ይግባ። ከመጨረሻው ተወዳዳሪ ኋላ የሚሄዱት ሁለት ሆነው ይሂዱ።
- ከጠዋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እንጨት የተሸከሙ እናቶች መንገድ ላይ ይኖራሉ። መብራት የላቸውም፤ ጀርባቸው ላይ በአግድም የታሰረው ሸክም ከጠባቡ መንገድ ይሰፋል። በሚያቋርጡበት ቦታ ሁሉ ሰው አቁሙ፤ ተወዳዳሪው ወርዶ ያሳልፋቸው።
- የተጫነ አህያ መብራት ሲያይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጎኑ በፍጥነት ለማለፍ አይሞከር።
- ነጎድጓድ ከተሰማ ሸንተረሩ ላይ ያለው ክፍል ወዲያው ይዘጋ።

ደረጃ 9፦ በሌሊት ሞክሩት

ሞካሪው መንገዱን አይቶት የማያውቅ ሰው ይሁን። ቀኑን ሙሉ ሥራ የዋለ ቢሆን ይመረጣል። መብራቱን ዝቅተኛው ኃይል ላይ አድርጉለት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ልቀቁት። እናንተ ከኋላው ተከተሉ፤ አትናገሩ። ፍሬን የያዘበትን፣ ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ያዞረበትን፣ እግሩን መሬት ያስነካበትን ቦታ ሁሉ መዝግቡ። ምክንያቱን አትጠይቁት፤ ጠዋት ሲጠየቅ «ምንም ችግር አልነበረም» ማለቱ አይቀርም። የተጠራጠረበት ቦታ ሁሉ ምልክት የጎደለው ቦታ ነው። ካስተካከላችሁ በኋላ በሌላ ሰው ድገሙት።

ደረጃ 10፦ ሰዓቱን አስማሙ

ጂፒኤሱ በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል፤ ሬዲዮ የያዘው ልጅ በእኛ ሰዓት ይናገራል። «9 ሰዓት ላይ ወደቀ» ሲባል የትኛው 9 እንደሆነ ሲጣራ ጊዜ ይባክናል። ከዚህም በላይ መሣሪያው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ስለሚቀይር የዙር ሰንጠረዡ ይዛባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁሉም ነገር ከመነሻው ጀምሮ ባለፈው ጊዜ ይመዝገብ። «በ8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ» ማለት ውድድሩ ከተጀመረ ይህን ያህል ሲያልፍ ማለት ነው። መነሻው ላይ አንድ ትልቅ ሰዓት አቁሙ፤ ሌላ ሰዓት አይጠቀስ።

መብራት የሚበራው ገና ከመነሻው ነው። በኅዳር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ትጠልቃለች፤ ድንግዝግዙም 20 ደቂቃ ቢቆይ ነው። በብርሃን የተነሣው ሰው የመጀመሪያውን ዙር በጨለማ ይጨርሳል።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ምልክቱን በቀን ሰቅሎ በቀን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ብዙ ምልክት መስቀል፤ ቀጥ ያለው መንገድ በየ10 ሜትሩ ቢያብረቀርቅ መታጠፊያው ላይ ያለው ቀስት ከሌሎቹ አይለይም። ቀጥታው ላይ በየ100 ሜትሩ አንድ ይበቃል። ሦስተኛው የኖራ ቀስት ላይ ብቻ መተማመን፤ በጤዛና በጎማ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ይጠፋል።

አራተኛው መንገዱን በመጨረሻው ሰዓት «ለማሳመር» መለወጥ ነው። የተለወጠው ክፍል በሌሊት አልተሞከረም፤ ካርታውም ለአምቡላንሱ አልደረሰም። የግድ መለወጥ ካስፈለገ ማሳጠር እንጂ ማስረዘም አይፈቀድ።

ውድድሩ ሲያበቃ ምልክቱ በተወዳዳሪው አቅጣጫ፣ ከመጨረሻው ጋላቢ ኋላ ይሰብሰብ። በተቃራኒ የሚመጣ ሰብሳቢ ገና መንገድ ላይ ካለ ሰው ፊት ቀስቱን ያነሣበታል። የሰበሰባችሁት ቁጥር ከተሰቀለው ካነሰ የጎደለውን በዚያው ቀን ፈልጉ፤ የተረሳ ቀስት በማግሥቱ ሌላ ብስክሌተኛ ይከተለዋል።